የሠሪው አስተያየት

መስከረም ሁለት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ባሕር ዳር፣ ለአብዮት በዓል በተሰቀለ ትልቅ ሥዕል ፊት አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተንበረከኩና መሬት ሳሙ። ከሐይቁ ማዶ፣ ከደልጊ በኩል ለበዓሉ በጀልባ ከመጡት ገበሬዎች አንዱ ነበሩ። የሰገዱት በሥዕሉ ላይ የአብዮቱ ጠላት ተደርጎ ለተሣለው ሰው ነው።

ይህን ያየሁት በገዛ ዓይኔ ነው። በዚያ ቀን በላክሁት ዜና ውስጥ ግን የለም። ከዚያ ወዲህ በጻፍሁት በማናቸውም ነገር ውስጥ የለም። ለባለቤቴ አልነገርሁም። ለንስሐ አባቴ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህን እየዘለልሁ አልፌያለሁ። እናንተ እኔን ለመፍታትም ለማሰርም ሥልጣን የላችሁም፤ ዛሬ ለእናንተ ለመናገር የደፈርሁትም ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

በዚያ ዘመን በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዘጋቢ ነበርሁ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ከዜናው ሥራ በተጨማሪ የቅስቀሳ ክፍሉን እንዳስተባብር ተደርጌ ነበር። ክፍሉ ስሙ ይግዘፍ እንጂ ሁለት ሰው ብቻ ነበረው፤ ሠዓሊው መሪጌታ ይትባረክና ፊደል ጸሐፊዋ አልማዝ። መሪጌታ ከሃምሳ ዓመት አልፈዋል። ሥዕል የተማሩት ከአባታቸው ነው፤ የተማሩበትም በሐይቁ ደሴቶች ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥራ ሲጠፋ መሥሪያ ቤታችን ቀጠራቸው። በስብሰባ ላይ «ጓድ ይትባረክ» እንላቸዋለን፤ ከስብሰባ ስንወጣ «መሪጌታ» ይሆናሉ። አልማዝ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ አንደበቷ የሾለ ልጅ ነበረች፤ በአቡጀዴ ላይ በብሩሽ የምትጥለው ፊደል በማሽን የተጻፈ ይመስል ነበር።

ሥራ የሚታዘዘው በቃል ነበር። አንዱ ኃላፊ ስልክ ይደውልና «ስለ ዓሣ አስጋሪዎች አንድ ነገር ሥሩ» ይላል። መሪጌታ በደንገል ታንኳ ላይ የቆሙ አስጋሪዎችን ይሥላሉ፤ ሦስት ቀን ይፈጅባቸዋል። ኃላፊው መጥቶ ያይና ይቆጣል። የሚመረቀው አዲስ የሞተር ጀልባ ነው ለካ። ሥዕሉ ነጭ ተቀብቶ እንደገና ይጀመራል። አንድ ጊዜ ደግሞ አልማዝ የጻፈችው መፈክር ከተሰቀለበት አጥር በልጦ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት ማዕዘኑን ዞረው ወደ ጎን መንገድ ሄዱ። በዋናው መንገድ የሚያልፍ ሰው «ድህነትን» የሚለውን ብቻ ያነባል፤ «ታግለን እናጠፋለን» የሚለውን ለማግኘት መታጠፍ ነበረበት።

እኔ ይህን አስተካክላለሁ አልሁ። አስተካከልሁትም። ዘጋቢ ዜና ከመጻፉ በፊት የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች ወስጄ አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጀሁ። ሥራው ምንድን ነው? ለምን አስፈለገ? የሚያየው ማነው? አይቶ ሲሄድ ምን እንዲያውቅ እንፈልጋለን? የት ይሰቀላል? መቼ መድረስ አለበት? የመጨረሻ ውሳኔ የማን ነው? ከእነዚህ ሥር «አቀማመጥ» የሚል ሰፊ ቦታ ተውሁ፤ ምኑ የት እንደሚሆን የሚጻፍበት። ከሁሉ በታች «የሠሪው አስተያየት» የሚል መስመር አደረግሁ፤ ሠሪው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የሚታየውን ችግር ጽፎ ይፈርማል። ደንቡ አጭር ነበር፤ ቅጽ ያልተሞላለት ሥራ አይጀመርም፤ በቅጹ ላይ የሌለ ነገር አልታዘዘም። የስቴንስል ወረቀት እንደ ልብ ስለማይገኝ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚሞላው ቅጽ አንድ ቅጂ ብቻ ነበር። እሱም ከተሞላ በኋላ በእኔ ቦክስ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል።

አልማዝ ስም አወጣችልኝ። «ጓድ ቅጽ፣ ሽንት ቤት ለመሄድም ልሙላ?»

«ሙዪ» አሏት መሪጌታ ቀለማቸውን እያማሰሉ፤ «የሚያየው ማነው የሚለውን ብቻ ባዶ ተዪው።»

መሪጌታ ቅጹን ወደዱት። በደሴቶቹም ሥዕል ያሣለ ሰው ስሙ ከሥዕሉ ሥር እንደሚጻፍ፣ መልኩም ከቅዱሱ እግር ሥር ተጎንብሶ እንደሚሣል ነገሩን። «ሠዓሊው ግን ስም የለውም» አሉ። «ጥሩ ነው ካሉ ያሣለው ይመሰገናል፤ ከከፋም ያሣለው ይጠየቃል። የአንተ ወረቀት አዲስ አይምሰልህ፤ አባቶቻችንም ያውቁት ነበር።» በዚያ ወረቀት ላይ ከእኔ የበለጠ እምነት የነበራቸው እሳቸው ናቸው። ይህን ልብ በሉልኝ።

ቅጹ ሠራ። በመጀመሪያው ዓመት ዳግመኛ የተሠራ ሥዕል አንድ ብቻ ነበር። ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? የራሴን ደንብ በሁለት ቦታ ሸረሸርሁ። አንደኛ፣ «የሚያየው ማነው?» በሚለው ላይ ሁልጊዜ «ሰፊው ሕዝብ» ብዬ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ቆሜ፣ ማን ነው ይህ ሰፊ ሕዝብ፣ ከየት ነው የሚመጣው፣ ከዚህ በፊት ምን ሥዕል አይቶ ያውቃል ብዬ አልጠየቅሁም። ጥያቄውን የጻፍሁት እኔ፣ ያልመለስሁትም እኔ። ሁለተኛ፣ ነሐሴ ላይ ሥራው ሲበዛ መሪጌታን ሦስት ባዶ ቅጾች በቅድሚያ አስፈረምኋቸው። በየጊዜው እሳቸውን ፍለጋ ወደ ሥዕል ቤቱ እንዳልመላለስ ነበር። ሳይጠራጠሩ ፈረሙ። ሁለቱን ለትንንሽ ሥራዎች ተጠቀምሁባቸው። አንዱ ቀረ።

የበዓሉ ሥዕል ትልቁ ሥራችን ነበር። በስድስት ኮምፔንሳቶ ላይ፣ ሠራተኛ፣ ገበሬና ወታደር ጎን ለጎን ሲራመዱ፣ ከፊታቸው ባላባቱ ሲሸሽ የሚያሳይ። አቀማመጡን የመረጥሁት እኔ ነኝ። ከውጭ ከመጣ መጽሔት ላይ ያየሁት ነው። «ሦስቱ ወደ ግራ ይራመዱ፤ ፊታቸው በጎን ይታይ፤ የሚሸሸው ጠላት ፍርሃቱ እንዲታይ ወደ ተመልካች ይዙር» ብዬ ጻፍሁ። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ መጽሔቱን አይቶ «በጣም ጥሩ፣ እንዲሁ ይሁን» አለ።

መሪጌታ ቅጹን አነበቡ። ደግመው አነበቡ።

«ሦስቱ በጎን?» አሉ።

«በጎን፣ መሪጌታ።»

«አንድ ዓይን ብቻ ይዘው?»

«እየተራመዱ ስለሆነ ነው።»

«ባላባቱ ግን ሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን።» ሳቅ አሉ። «አንተ ልጅ፣ ቅዳሴ ቆመህ አታውቅም? ግድግዳውን አይተህ አታውቅም?»

አይቼ አውቃለሁ። እዚሁ ነው ያደግሁት። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ሙሉ ፊቱን ይሰጣል፤ ክፉው፣ ከሃዲውና አሳዳጁ በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ይህን የሐይቁ ዳር ሕፃን ሁሉ ፊደል ሳይቆጥር ያውቀዋል። እኔም በእናቴ ነጠላ ሥር ሆኜ፣ ክፉውን ከደጉ የለየሁት በዓይኑ ቁጥር ነው። ታዲያ ቅጹን ስጽፍ ይህ እንዴት ጠፋኝ? አልጠፋኝም ብል ውሸት ይሆናል፤ ጠፋኝ ብልም ሰበብ ይሆናል። እሳቸው ሲነግሩኝ ግን አወቅሁ። ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ አላወቅሁም ማለት አልችልም።

መሪጌታ በዚያ በተጣራ እጅ ጽሕፈታቸው በመጨረሻው መስመር ላይ ጻፉ። ቃሉን አልረሳሁትም። «በሀገራችን ሥርዓት ባለ አንድ ዓይን የሚሣለው ክፉ ነው። የሐይቁ ዳር ሰው ይህን ሥዕል ገልብጦ ያየዋል። ሦስቱ ወደ ተመልካች ቢዞሩ ይሻላል።» ፈረሙ። የቅጹ ዓላማ ይህ ነበር፤ ሥራው ሳይጀመር ስህተቱን ማግኘት። አገኘው። ለበዓሉ ስድስት ቀን ቀርቶ ነበር። ወደ ኃላፊው ተመልሼ ያጸደቀው አቀማመጥ አይሆንም ማለት ነበረብኝ፤ ምክንያቱንም ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል አምጥቼ ማስረዳት ነበረብኝ። ፈራሁ። ከአስተያየታቸው ሥር «በታዘዘው መሠረት ይሠራ» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ።

«እንግዲህ ያሣልኸው አንተ ነህ» አሉኝና ብሩሻቸውን አነሡ።

ሥራውን አሳምረው ሠሩት። ጥፋቱ የባሰውም በዚህ ነው። ዓይን መሣል ያውቃሉ፤ የባላባቱ ትልልቅ ዓይኖች ፍርሃት ይሁን ሐዘን የማይለይ ነገር ነበራቸው። ሽማግሌው ከደልጊ መጥተው በዚያ ሥዕል ፊት ሲቆሙ ያዩት፣ ሦስት ጨካኞች የሚያሳድዱት አንድ ጻድቅ ነው። ከተንበረከኩበት ተነሥተው አጠገባቸው የቆመውን የአብዮት ጥበቃ ጠየቁት፤ «ይህ ሰማዕት ማን ይባላል፣ ልጄ? እነዚህስ ጭፍሮች ምን በደላቸው?» ከኋላቸው የነበሩ ገበሬዎች ሳቁ። ሳቁ በሰልፉ ውስጥ ወደ ኋላ ሲሄድ ይታየኝ ነበር። ጥበቃዎቹ ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዘው ወሰዷቸው። ስማቸውን አልጠየቅሁም። ስም ሳልጠይቅ ያለፍሁት ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

አምስት ሰዓት ላይ ሥዕሉ ወረደ። መሪጌታን ከዚያው ከአደባባዩ ወሰዷቸው፤ ኮምፔንሳቶውን ሲያወርዱ እያገዙ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቢሮ ተሰበሰብን። ኃላፊው፣ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች፣ አልማዝና እኔ። ኃላፊው መጽሔቱን አይቶ እንዳጸደቀ አልተናገረም። እኔን እንኳ አላየኝም። «ቅጹን አምጣ» ብቻ አለ።

ቦክስ ፋይሉ በሚቀጥለው ክፍል ነበር። እውነተኛው ቅጽ ከላይ ነበር። የተፈረመው ባዶ ቅጽ ከሥሩ። ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደብኝ አውቃለሁ፤ ሰዓቴን አይቻለሁ፤ አራት ደቂቃ ነው። በአራት ደቂቃ ውስጥ እኔ፣ በራሴ እጅ፣ በራሴ ብዕር፣ ባዶውን ቅጽ ሞላሁት። «አቀማመጥ» በሚለው ላይ «ለሠዓሊው የተተወ» ብዬ ጻፍሁ። «የሠሪው አስተያየት» በሚለው ላይ «የለም» ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩ የመሪጌታ ፊርማ፣ እውነተኛ ፊርማቸው፣ ነሐሴ ላይ በእምነት የፈረሙት። እውነተኛውን ቅጽ አጥፌ ካልሲዬ ውስጥ ከተትሁ።

ማንም አላስገደደኝም። ሽጉጥ አልተደገነብኝም። እውነተኛውን ብሰጥ ምን ይደርስብኝ ነበር? አላውቅም። ምናልባት እስር፣ ምናልባት ከሥራ መባረር፣ ምናልባት ደግሞ ኃላፊውም ስለነበረበት ነገሩ ተዳፍኖ ይቀር ነበር። አላውቅም፤ ያላወቅሁት ስላልሞከርሁት ነው።

ቅጹ ሲነበብ አልማዝ ቀና ብላ አየችኝ። እሷ መሪጌታ ሲጽፉ እዚያው ነበረች። ምንም አልተናገረችም። እኔም እሷን ልወቅስ አልችልም። ከዚያ ቀን በኋላ ጓድ ቅጽ ብላ ጠርታኝ አታውቅም። ከሦስት ወር በኋላ ዝውውር ጠይቃ ሄደች።

እስካሁን የነገርኋችሁ የአራት ደቂቃ በደል ነው። ፍርሃት ነው፣ ድንጋጤ ነው ልትሉልኝ ትችሉ ይሆናል። አትበሉ። ቀጥሎ ያለውን ስሙ።

ከበዓሉ በዘጠነኛው ቀን የመሪጌታ ባለቤት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግሽ አባይ ሰፈር ወደሚገኘው ቤቴ መጡ። እስር ቤት ስንቅ ሲያቀብሉ ከመሪጌታ ጋር ሁለት ቃል ተነጋግረው ነበር። «ልጄ» አሉኝ፤ «መሪጌታ ደኅና ነኝ ብለዋል። ወረቀቱ አለ፣ ስህተቱን አስቀድሜ ጽፌበታለሁ፣ እሱ ዘንድ ተቀምጧል፣ ሂጂና ንገሪው ብለውኛል። አንተ ሰነድ የማትጥል ሰው መሆንህን ነግረውኛል።»

ወረቀቱ እሳቸው ከተቀመጡበት ወንበር ሦስት እርምጃ ላይ፣ በሬዲዮው ሥር ነበር። አልጣልሁትም ነበርና። ለምን እንዳላጠፋሁት አላውቅም፤ በዚያ ሳምንት እመልሰዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ማሰቤን እርግጠኛ አይደለሁም። «እፈልገዋለሁ፣ እማማ» አልሁ። እፈልገዋለሁ። ይህን ቃል አልሁ። ሻይ ጠጥተው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰው መጡ። «ፋይሉ ተወስዷል፣ እየጠየቅሁ ነው» አልኋቸው። በዚያ ቀን የደረቀ ዓሣ ይዘውልኝ መጥተው ነበር፤ «ስለ ድካምህ» አሉኝ። ተቀበልሁ። እሳቸው ከወጡ በኋላ እውነተኛውን ቅጽ ከሬዲዮው ሥር አውጥቼ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ ነከርሁት። ቀለሙ እስኪለቅ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ጨምቄ ጣልሁት። ዓሣውን በላነው። ባለቤቴ ከየት መጣ ብላ ጠየቀችኝ፤ ከሥራ ሰው አልኋት።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ አልተቀመጡም። በሩ ላይ ቆመው «እርስዎ» አሉኝ። ከዚያ በፊት «እርስዎ» ብለውኝ አያውቁም።

«መርማሪዎቹ ወረቀቱን አሳይተዋቸዋል» አሉ። «ይህ ፊርማ የማነው ብለው ጠይቀዋቸዋል። የእኔ ነው ብለው መልሰዋል።»

«ሌላስ?» አልሁ።

«ሌላ አልተናገሩም። ከእንግዲህ እሱ ቤት እንዳትሄጂ ብለውኛል።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

መሪጌታ ለምን እንዲህ አሉ? ፊርማው የእኔ ነው፣ ጽሑፉ ግን የእኔ አይደለም ማለት ይችሉ ነበር። ያን ቢሉ መርማሪዎቹ ወደ እኔ ይመጡ ነበር። ራርተውልኝ ነው? ተጸይፈውኝ ነው? ወይስ ማንም እንደማይሰማቸው አውቀው? ስንት ጊዜ በአእምሮዬ መልስ ጽፌላቸዋለሁ። ዘጋቢ ግን ያልሰማውን አይጽፍም። አልሰማሁም፤ አልጠየቅሁምም። ሄጄ ልጠይቃቸው እችል ነበር። አልሄድሁም።

ቅጹ ከእኔ በላይ ዕድል ነበረው። በሚቀጥለው ዓመት ኃላፊው ለሌሎች ቅርንጫፎች እንዳስተምረው ላከኝ። ከመሄዴ በፊት «የመጨረሻው መስመር ሥራ ያጓትታል፤ አውጣው» አለኝ። አወጣሁት። በጽሕፈት መኪና አዲሱን ስቴንስል የመታሁት እኔ ነኝ፤ «የሠሪው አስተያየት» በነበረበት ቦታ ላይ «ለማኅተም» ብዬ ጻፍሁ። በሦስት ከተማ ቆሜ፣ ጠመኔ ይዤ፣ ጥሩ ትእዛዝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስተማርሁ። የሚያየው ማነው ብላችሁ ጠይቁ አልሁ። ሰዎች በደብተራቸው ጻፉ። ጥሩ አስተማሪ ነበርሁ።

ይቅርታ ልለምን ነው ይህን የጻፍሁት? ማንን? ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው አንድ ነው፤ እሳቸውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዘመኑ ነው የሚሉ አሉ፤ ብዙ ሰው በዚያ ዘመን ላደረገው እንዲህ ሲል ሰምቻለሁ፤ እኔም ቃለ መጠይቅ ሳደርግ ጽፌላቸዋለሁ። ዘመኑ ግን ቅጽ አልሞላም። ዘመኑ ዓሣ አልተቀበለም። እኔ ነኝ። ማስተባበያ አላቀርብም፤ ምሕረትም አልጠይቅም። የቀረኝ የማውቀውን በትክክል መናገር ነው።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ ለሌላ ዘገባ ብዬ አስፈቅጄ፣ የዚያን ጊዜውን የእስረኞች መዝገብ አየሁ። ይትባረክ የሚለው ስም አለ። ሥራ፣ ሠዓሊ። የገቡበት ቀን፣ መስከረም ሁለት። በታኅሣሥ ወር «ተዛውሯል» ተብሎ ተጽፏል። ወዴት እንደሆነ አልተጻፈም። በሌሎች ሁለት እስር ቤቶች መዝገብ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። በዚያ ጊዜ እዚያ የነበሩ አራት ሰዎች ጠየቅሁ፤ ሦስቱ አያስታውሱም፤ አንዱ «ዓይኑ የደከመ፣ ግድግዳ ላይ በከሰል ይሥል የነበረ ሽማግሌ ነበር» አለኝ፤ ስሙን ግን አላወቀም። ስለዚህ እሳቸው ናቸው ብዬ አልጽፍም።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፋሲሎ ሰፈር ወደሚኖሩት እኅታቸው ዘንድ ተዛውረው ነበር። ያረፉት በሕመም ነው። የቀበሌውን የነዋሪዎች መዝገብ አይቻለሁ። ከስማቸው ጎን፣ የጋብቻ ሁኔታ በሚለው ዓምድ ሥር፣ «ባሏ የሞተባት» አይልም፤ «ያገባች» ይላል።